ጥንቁቅ ሰው ሲጋራ ማቆም ለምን ያቅተዋል? ስለ ስብዕና፣ ስለ ውሳኔ አሰጣጥና ስለ ኒኮቲን ሱስ

መንገደኛው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሲጋራ አጨሳለሁ፤ በሌላው የሕይወቴ ክፍል ግን ሰዎች የሚያውቁኝ በጥንቃቄዬ ነው። ገንዘቤን በዕቅድ አወጣለሁ፣ ሥራዬን ከቀጠሮው አላሳልፍም፣ ትልቅ ነገር ከመወሰኔ በፊት ደግሜ ደጋግሜ አስባለሁ። ወደ ሲጋራ ስመጣ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ አላውቅም። ማታ «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ብዬ ከልቤ እወስናለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ያው እኔ፣ ያንኑ እውቀት ይዤ፣ ተቃራኒውን እመርጣለሁ። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ምርጫዬ ትክክል ሆኖ የሚሰማኝ መሆኑ ነው።

ቤተሰቦቼ «ቆራጥነት የለህም፣ የስብዕናህ ድክመት ነው» ይሉኛል። ያነበብኳቸው አንዳንድ ጽሑፎችም ሱስ የሚይዘው በተፈጥሮው ግብታዊ የሆነውን ሰው ነው የሚል መንፈስ አላቸው። እናም ለኒኮቲን ሱስ የሚያጋልጥ የስብዕና ዓይነት በእርግጥ አለ ወይ? ካለስ እንደ እኔ ጥንቁቅ የሚባል ሰው እንዴት ይያዛል? ወይስ የምንወስንበትን መንገድ የሚለውጠው ኒኮቲኑ ራሱ ነው? መልሱ የማቆሚያ መንገዴን ለመምረጥ ይረዳኛል ብዬ ስለማምን፣ «በርታ፣ ጠንክር» ከሚለው ምክር ያለፈ ነገር የምታውቁ እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የስነ ልቦና መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፣ በስብዕናና በማጨስ መካከል ግንኙነት አለ፤ ነገር ግን ቤተሰብዎ እንደሚሉት ዓይነት ግንኙነት አይደለም። በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የታተመ፣ ዘጠኝ የረጅም ጊዜ ክትትል ጥናቶችን አጣምሮ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ትንተና፣ አጫሾች ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ ይበልጥ ተግባቢና ከሰው ጋር መሆን የሚወዱ፣ ለጭንቀትና ለመከፋት የቀረቡ፣ በሥርዓታማነትና በጥንቁቅነት ደግሞ ዝቅ ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል። «በአማካይ» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። የሁለቱ ወገኖች ውጤት በሰፊው የተደራረበ ስለሆነ፣ እጅግ ጥንቁቅ የሆኑ አጫሾችም፣ እጅግ ግዴለሽ ሆነው ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ ሰዎችም ብዙ ናቸው። በተጨማሪም በየደረጃው የሚሠራው ባሕርይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰውን ወደ መጀመሪያው ሲጋራ የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ተግባቢነትና አዲስ ነገር የመሞከር ፍላጎት ሲሆን፣ ካቆመ በኋላ እንዲያገረሽበት የሚያደርገው ግን ይበልጡን ለጭንቀት ተጋላጭ መሆን ነው። ስለዚህ በወጣትነትዎ ለምን እንደጀመሩና ዛሬ ለምን ማቆም እንዳቃተዎት የሚመልሰው ምክንያት የተለያየ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማንሳት ግድ ይለኛል። ሲጋራን ከስብዕና ጋር ማያያዝ ንጹሕ የምርምር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ታዋቂው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰውን ለማጨስም ለካንሰርም የሚያጋልጠው አንድ የተፈጥሮ ዝንባሌ ሊሆን ይችላል እያለ ተከራክሮ ነበር። የስነ ልቦና ተመራማሪው ሃንስ አይዘንክ ደግሞ በ1960 በማጨስና በተግባቢነት መካከል ያለውን ዝምድና ካሳተመ በኋላ፣ እየቆየ ለካንሰር የሚያጋልጠው ከሲጋራው ይልቅ ስብዕናው ነው ወደሚል አቋም ሄደ፤ ከትምባሆ ኢንዱስትሪም የምርምር ገንዘብ ይቀበል ነበር። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በ2019 ባካሄደው ማጣራት፣ በስብዕናና በሕመም ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር ያሳተማቸው 26 ጽሑፎች የማይታመኑ ናቸው ብሏል። ይህን የማነሳው የአጫሹን ስብዕና መውቀስ ሲጋራውን ነጻ ለማውጣት ያገለገለበት ጊዜ ስለነበረ ነው፤ «ድክመቱ የራስህ ነው» የሚለውን ፍርድ ሲሰሙ ከየት እንደመጣም መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ግብታዊነት አንድ ወጥ ባሕርይ አይደለም። ኋይትሳይድና ሊናም በ2001 ባቀረቡት ሞዴል አራት ነገሮች ተለይተዋል፤ አስቀድሞ አለማሰብ፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ ደስታን የሚያጭር ነገር መፈለግ፣ እና ስሜት ሲረበሽ ያንን ስሜት ለማስታገስ ተቻኩሎ እርምጃ መውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድክመቶች በእርስዎ ላይ እንደሌሉ ከጽሑፍዎ ይታያል። ነገር ግን አስቀድሞ በማሰብ የተካነ ሰው ሲናደድ፣ ሲከፋው ወይም ሐራራ ሲነሳበት በአራተኛው መንገድ ሊሸነፍ ይችላል፤ በሱስ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው ነው። በረጋ መንፈስ የሚወሰኑ ነገሮች ላይ የተመሰከረለት ጥንቃቄ፣ በሐራራ ጊዜ ለሚወሰነው ነገር ዋስትና አይሆንም።

የማታና የጠዋቱ ነገር ደግሞ በውሳኔ ጥናት በደንብ የሚታወቅ ክስተት ነው። የሰው ልጅ የዘገየን ጥቅም ያሳንሳል፤ የሚያሳንሰው ግን ከጊዜው ርዝመት ጋር በእኩል መጠን አይደለም። ጥቅሙ በጣም ሲቀርብ ዋጋው በድንገት ሽቅብ ይወጣል። ጆርጅ ኤይንስሊ በ1975 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ይህ ቅርጽ ያለው አመዛዘን ምርጫን ይገለብጣል። ማታ ሲወስኑ የጠዋቱ ሲጋራም የወደፊቱ ጤናም ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ ትልቁ፣ ማለትም ጤናው፣ ያሸንፋል። ጠዋት ግን ሲጋራው በእጅዎ ርቀት ላይ ሲሆን ጤናው እንደ ትናንቱ ሩቅ ነው። እንግዲህ የማታው ውሳኔዎ ውሸት አልነበረም፤ የጠዋቱም ስሜት እብደት አይደለም፤ አንዱ ሰው ሁለቱን ጥቅሞች ከተለያየ ርቀት ሆኖ ስለመዘናቸው የመጣ ነው።

ዋረን ቢከልና ባልደረቦቹ በ1999 ይህንኑ በገንዘብ ምርጫ ፈትነው፣ አጫሾች የዘገየውን ገንዘብ ካላጨሱት በበለጠ እንደሚያሳንሱ፣ ያቆሙት ሰዎች ግን ፈጽሞ ካላጨሱት ጋር እንደሚመሳሰሉ አገኙ። ከዚህ በመነሳት «ማቆም አመዛዘንን ይመልሳል» ወይም «መጀመሪያም አርቀው የሚያዩት ናቸው ያቆሙት» ማለት ይቻላል። በ2009 የታተመ፣ ወጣቶችን ከ15 እስከ 21 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት፣ ዝንባሌው ከማጨስ ቀድሞ እንደሚታይና ማጨስ በመጀመር ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። በ2006 የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አጫሾች ለሰዓታት ሲጋራ ሲከለከሉ ሲጋራን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም በሚመለከት ችኩል ምርጫ እንደሚያበዙ አረጋግጧል። ስለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄዎ መልሴ ሁለቱም ነው፤ ከሰው ሰው የሚለያይ መነሻ አለ፤ በዚያው ሰው ላይ ደግሞ ኒኮቲኑ ሲጎድል ሚዛኑ ለጊዜው ወደ «አሁን» ያጋድላል።

ፋርማሲስት

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ የአካሉን ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም «ለጊዜው ያጋድላል» የተባለው ነገር በሰዓት የሚለካ ነው።

ከሲጋራ ጭስ ጋር የተሳበ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። እዚያም አሴቲልኮሊን ለተባለው የነርቭ መልእክተኛ የተዘጋጁ ተቀባዮች ላይ ያርፍና ከሽልማት ስሜት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። በድርጊቱና በሽልማቱ መካከል ያለው ጊዜ እንዲህ ማጠሩ ሲጋራን ከሌሎች የኒኮቲን ዓይነቶች ይበልጥ ሱስ አስያዥ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ነው። አንጎሉ ውሎ አድሮ የተቀባዮቹን ቁጥር ያበዛል፤ ኒኮቲኑ ሲወርድ እነዚህ ባዶ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው ሐራራ ሆነው የሚሰሙን።

በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከ8 ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ከማታው የሚቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛው ያህል ብቻ ነው። ማታ የሚወስኑት ቀኑን ሙሉ በተጠራቀመ ኒኮቲን ረክተው ነው፤ ጠዋት የሚመርጡት ግን በጎደለበት ሰዓት ነው። «ያው እኔ» ብለዋል፤ በደምዎ ውስጥ ያለው ነገር ግን ያው አይደለም። የሱስን ጥንካሬ የምንለካበት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በተሻሻለ መልኩ የቀረበው የፋገርስትሮም መጠይቅ ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ከሁሉም የበለጠ የሚናገረውም ከእንቅልፍ ከተነሡ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን ሲጋራ እንደሚለኩሱ የሚጠይቀው ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ብርቱ ነው። ይህ የስብዕና ፈተና አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

ሲያቆሙ ብስጭት፣ ጭንቀት፣ ትኩረት ማጣት፣ እንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አብዛኛው ምልክት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል። ብዙ ሰው «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚለው ሲጋራው ራሱ ያመጣውን ሐራራ ስለሚያስታግስለት ነው። በ2014 የታተመና 26 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ ያቆሙ ሰዎች ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ስለሆንኩ ሲጋራ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ይህንን ቢያውቅ እወዳለሁ።

ያለ ምንም እርዳታ በአንድ ሙከራ ለማቆም ከሚነሱ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር በቆራጥነት ማነስ ብቻ የሚያስረዳ ሰው፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ሰው ደካማ ማለቱ ነው። መድኃኒት አለ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ቀኑን ሙሉ እኩል መጠን ሲሰጥ፣ ማስቲካው ወይም የሚመጠጠው ክኒን ድንገተኛውን ሐራራ ያስታግሳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል። በ2006 የተፈቀደው ቫሬኒክሊን ተቀባዩን በከፊል ያነቃቃና ሲጋራው የሚሰጠውን እርካታ ይቀንሳል። 8,144 አጫሾች በተሳተፉበትና በ2016 በታተመ ትልቅ ሙከራ፣ ከዘጠነኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ሳያጨሱ የቆዩት ቫሬኒክሊን ከወሰዱት 22 ከመቶ ገደማ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን 9 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ በአእምሮ ጤና ላይም የተፈራው ከባድ ጉዳት ጎልቶ አልታየም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይገባል፤ ቡፕሮፒዮን የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ።

ያቆመች

ወንድሜ፣ እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ከላይ የተጻፈውን አክብሬ፣ በአንድ ነገር ግን ልለይ። «ምርጫ»፣ «አመዛዘን»፣ «ሚዛን» የሚሉት ቃላት አጫሽ ሁልጊዜ ተቀምጦ እያሰላ የሚያጨስ ያስመስላሉ። ከማጨሳቸው ሲጋራዎች አብዛኞቹን አልመረጥኳቸውም ነበር። ስልክ ሲደወል፣ ስብሰባ ሲያልቅ፣ ከምግብ ስነሳ እጄ በራሱ ይሄዳል፤ ለኩሼ አጋምሼው ነው የማጨሴ ነገር ትዝ የሚለኝ። እዚያ ውስጥ የሚሸነፍ ውሳኔ የለም፤ ውሳኔ ራሱ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የረዳኝ ሲጋራውን ከነበረበት ቦታ ማራቅ ነበር። ባኮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ በቀላሉ በማልደርስበት ቦታ ሳስቀምጥ፣ ሳላስብ አጨሳቸው የነበሩት ቀሩ፤ በእውነት የምፈልጋቸው ብቻ ተለይተው ወጡ። ከነዚያ ጋር ነው መታገል የነበረብኝ።

ሁለተኛው ስለ ቤተሰብዎ ነው። መምህሩ እንደጻፉት ስሜት ሲረበሽ ተቻኩሎ ማጨስ ዋናው ወጥመድ ከሆነ፣ «ቆራጥነት የለህም» የሚለው ንግግር የሚያመጣው ኀፍረት ራሱ ወደ ሲጋራው ይመልሳል። እኔ ላይ ሲያገረሽብኝ የነበረው ወቀሳ በሰማሁ ማግስት ነበር። ቤተሰብዎ በቅንነት እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ስብዕናዎ እንዳይናገሩ በግልጽ ቢጠይቋቸው መልካም ነው። እርዳታቸው ከፈለጉ፣ አብረው ወጣ ብለው ይንሸራሸሩ፤ ወይም የሚያጨስ እንግዳ ሲመጣ ውጭ እንዲያጨስ ይንገሩልዎ።

መንገደኛው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከነቃሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምለኩስ ስለሆንኩ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስለ መድኃኒቱ ለመነጋገር ወስኛለሁ። ለመምህሩ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በገንዘብ ጉዳይ ጥንቁቅ ስለሆንኩ፣ ካጨስኩ የማላገኘው ገንዘብ ለታመነ ሰው በአደራ ባስቀምጥ ይህ ባሕርዬ ይረዳኝ ይሆን? ወይስ ራስን በራስ መቅጣት ነው?

የስነ ልቦና መምህር

መልካም ጥያቄ ነው፤ ጥናትም አለው። በ2010 የታተመ በፊሊፒንስ የተደረገ ሙከራ፣ ፈቃደኛ አጫሾች ለስድስት ወር በባንክ ገንዘብ እንዲያስቀምጡና በመጨረሻው የሽንት ምርመራ ኒኮቲን ከተገኘባቸው ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንዲሄድ አድርጎ ነበር። ይህ ዕድል የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ ምርመራውን ያለፉት በሦስት ከመቶ ነጥብ ገደማ በልጠው ነው፤ በዓመቱ ሳይጠበቅ በተደረገው ምርመራም ልዩነቱ አልጠፋም። በ2015 በአሜሪካ በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያለ መያዣ ሽልማት ብቻ የቀረበላቸው ሰዎች 90 ከመቶ ሲቀበሉ፣ የራሳቸውን ገንዘብ እንዲያስይዙ የተጠየቁት ግን የተቀበሉት 14 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚህ ምክንያት በጠቅላላው ሽልማቱ የተሻለ ውጤት አሳየ፤ ሆኖም መያዣውን ለመቀበል ፈቃደኛ ለሆኑት ሰዎች መያዣው ከሽልማቱ ይልቅ ብርቱ ነበር። እርስዎ ሳይጠየቁ ራስዎ ያሰቡት ስለሆነ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል እንደሆኑ እገምታለሁ።

የእኅታችንን አስተያየትም ተቀብያለሁ፤ ልማድ የሆነው ማጨስ ከምርጫ ውጭ ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሲጋራውን ማራቅ ልማዱን መልሶ ምርጫ ያደርገዋልና ከመያዣው በፊት መቅደም አለበት። የእርስዎ ጥንቃቄ የሚሠራው በረጋው ሰዓት ነው። እንግዲያውስ ያንን ሰዓት ለጠዋቱ ሰው መመሪያ ለማዘጋጀት ይጠቀሙበት። «አላጨስም» ብሎ መወሰን አይበቃም፤ «ከአልጋ እንደተነሳሁ ፕላስተሩን እለጥፋለሁ፣ ከዚያም ታጥቤ ወዲያው እወጣለሁ» ብሎ ሁኔታውንና ድርጊቱን አያይዞ መጻፍ ነው የሚጠቅመው። ይህን መመሪያ ሲጽፉ የሐራራውን ጉልበት አሳንሰው እንዳይገምቱ፤ በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሐራራ የሌለበት አጫሽ ወደፊት ሐራራ ሲነሳበት ሲጋራን ምን ያህል እንደሚፈልግ ሲተነብይ አሳንሶ ነው የሚተነብየው። ስለዚህ ማታ «ይህ ይበቃኛል» ብለው ካሰቡት በላይ አጥር ያድርጉ። የሚያቆሙበትን ቀን ቆርጠው በአንድ ጊዜ ማቆምን እመርጥልዎታለሁ፤ በ2016 የታተመ 697 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ በአራተኛው ሳምንት በአንድ ጊዜ ካቆሙት 49 ከመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ 39 ከመቶ ሳያጨሱ እንደቆዩ አሳይቷል።

ለጥንቁቅ ሰው የምፈራለት አንድ ነገር ግን አለ። አለን ማርላት የተባለው የሱስ ተመራማሪ በደንብ እንደገለጸው፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው «አለቀልኝ» ብሎ ሲያምን ያች አንዷ ሲጋራ ወደ ሙሉ ማገርሸት ትወስደዋለች፤ ሥርዓት አክባሪ ሰው ደግሞ ለዚህ ፍርድ ፈጣን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከታመነው ሰው ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ አንዲት ሲጋራ መያዣውን በሙሉ እንዳታስወስድ፣ የተወሰነውን ክፍል ብቻ እንድታስቀጣ ያድርጉ፤ ያች ሲጋራ ከተጨሰች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ማንን እንደሚደውሉለት፣ የቀረውን ባኮ የት እንደሚጥሉትና ፕላስተሩን ሳያቋርጡ እንደሚቀጥሉ አስቀድመው ይጻፉበት።